የጉብታው ፖም

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይሉኝ ነበር። «አይዞሽ ራሂማ፤ የሱፍ ማስታወሻ ትቶልሻል» ይሉና በአገጫቸው በጓሮ በኩል ያለውን ዛፍ ይጠቁማሉ። ሐዘንተኛ ስለሆንኩ ዝም እላለሁ። ዝም ባልል ኖሮ እንዲህ እላቸው ነበር፤ ማስታወሻ አልጠየቅኩትም። ፖምም አልጠየቅኩትም። እኔ የምፈልገው ጉብታዬን ነበር።

ቤታችን ወረታ ጫፍ ላይ፣ ከተማው አልቆ የፎገራ ሜዳ ከሚጀምርበት ነው። ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ ጓሯችንም አብሮ ይጨቀያል። የማይጨቀይ አንድ ቦታ ብቻ አለን። አማቴ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ የወጣው ድንጋይና አፈር ተከምሮ፣ ከጊዜ ብዛት ጠጥሮ የቀረ ጉብታ ነው። ቁሐር ሚካኤል የሚባለው ቀበሌ የሚኖረው አያ በላቸው በየሐምሌው የሜዳው ውሃ ከብቱን መቆሚያ ሲያሳጣው፣ ላሞቹን ነድቶ ይመጣና እዚያ ላይ ያቆማቸዋል። ይህን የጀመሩት የሱ አባትና የየሱፍ አባት ናቸው፤ አንዱ ክርስቲያን ገበሬ፣ አንዱ ሙስሊም ነጋዴ። በምን እንደተወዳጁ የነገረን የለም። ላሞቹ መስከረም እስኪጠባ ይቆያሉ፤ ወተቱ የኛ ነው። ጥር ላይ ደግሞ በላቸው ሽምብራ በአህያ ጭኖልን ይመጣል። ልጆቼ ያደጉት በዚያ ወተትና በዚያ ሽምብራ ነው።

የሱፍ ያንን ጉብታ ነው ለፖም የሰጠው።

ነገሩ የጀመረው በአርባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጨርቅ ሊያመጣ አስመራ በሄደ ጊዜ ነው። እዚያ አንድ ጣሊያን ፍራፍሬ ሻጭ በር ላይ ቆሞ ፖም በላ። ሰው በመንገዱ ስንት ነገር በልቶ ይረሳል፤ የሱፍ ግን አልረሳም። አንድ ለኔ ገዝቶ፣ በመሐረብ ጠቅልሎ ሎንቺና ተሳፈረ። ሎንቺናው ደግሞ መንገድ ላይ ተሰበረ፤ መለዋወጫ ሲጠበቅ ሰነበቱ። ቤት ሲደርስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ መሐረቡን ፊቴ ፈታው። ውስጡ ያለው ቡናማ ሆኖ ውሃ ያቀረረ ነገር ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፖም ነው። አሽትቺው።»

አሸተትኩት። «የቆየ ብርዝ ይሸታል» አልኩ።

«መንገድ ላይ ተበላሽቶ ነው እንጂ፣ ወላሂ ራሂማ፣ ሲነክሱት…» አለና ቆመ። ቃል አጣለት። ጨርቅ ሲሸጥ አንድ ቀን ቃል አጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። መሐረቡን ደግሞ ቋጠረው። «ከደጅሽ ቀጥፈሽ ትበያለሽ። ሳትበይ አልሞትም።»

«ማን ፖም አማረኝ አለህ?»

«ቀምሰሽው ሳታውቂ እንዴት ያምርሻል?»

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?

በዓመቱ አንድ ሾፌር፣ ደብረ ታቦር ከጦርነቱ በኋላ የቀረ ጣሊያን መካኒክ እንዳለና በግቢው ፖም እንደሚያበቅል ነገረው። የሱፍ ሱቁን ለወንድሙ ለሙህዲን ትቶ፣ እኔንም «ቀምሰሽ ትመርጫለሽ» ብሎ ይዞኝ ወጣ። ስንደርስ ፖሙ አልደረሰም፤ የሚቀመስ ነገር አልነበረም። ጣሊያኑም ለሥራ ጎንደር ወርዶ ነበር። የተቀበለችን ሚስቱ እማዋይሽ ናት፤ ጋቢ ደርባ፣ እጇ ጭቃ በጭቃ የሆነች፣ ቀጭን ሴት።

ችግኞቹን አሳየችን። «ይሄኛው አረንጓዴ ነው የሚያፈራው፤ ይኮመጥጣል። የኔ ሰውዬ በስኳር ቀቅሎ ነው የሚበላው። ይሄኛው ግን ቀዩ ነው፤ እንዲሁ ከዛፉ ቀጥፈው የሚበሉት። ይጣፍጣል።»

የሱፍ የችግኙን ቅጠል በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ ልክ እንደ ጨርቅ አሻሸው። ገልብጦም ጀርባውን አየ።

«ቀለሙ ይለቃል?» አለ።

«የምኑ?»

«የፍሬው። ቀይ አላሉኝም? ሲቆይ አይደበዝዝም ወይ ማለቴ ነው።»

እማዋይሽ ወደኔ አየች። ወደ መሬት አየሁ።

«አንድ ቀይ ይስጡኝ» አለ የሱፍ።

«አንድማ አይሆንም። ሁለት ይውሰዱ፤ ከቀዩ አንድ፣ ከአረንጓዴው አንድ። ብቻውን የቆመ እንደሆነ አበባው ይረግፋል እንጂ ፍሬ አይዝም።»

የሱፍ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፤ የሙያ ጓደኛውን ያገኘ ሰው ሳቅ ነበር። «እመቤቴ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። አንድ ሻሽ ልትገዛ የመጣችን ሴት ‹አንዱማ ቶሎ ያልቅብሻል፤ እየቀያየርሽ እሰሪው› ብዬ ሁለት አስይዤ የምሸኝ ሰው ነኝ። ለኔ ይሄ አይነገርም።»

«እኔ ስለ ሻሽ አልተናገርኩም።»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። ጎበዝ ሻጭ ነዎት።»

እሷም ትከሻዋን ነቅንቃ አንዱን ከነአፈሩ በኮባ ትጠቀልል ጀመር። እየጠቀለለች «እግሩ ስር ውሃ እንዳይተኛበት» አለች። «ደግሞ የኛ አገር ብርድ ነው። ብርዱ ሲበረታ ቅጠሉን ሁሉ ጥሎ ራቁቱን ይቆምና ከዚያ ያብባል። ወረታ ሞቃት ነው፤ እዚያ ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም።»

ከዚህ ሁሉ የሱፍ ይዞ የተመለሰው ስለ ውሃው ያለችውን ብቻ ነው። መኪና ላይ ሆነን «ሁለት ብንወስድ ምን ነበረበት?» ብለው፣ «ራሂማ፣ አንቺ ጨርቅ ሸጠሽ አታውቂም» አለኝ። አላውቅም። እውነቱን ነው።

ውሃ የማይተኛበት ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው ያለን።

«እዚያ አይሆንም» አልኩ። «የበላቸው ላሞች የት ሊቆሙ ነው?»

«ጎን ለጎን ይሆናሉ።»

«ላም ከዛፍ ጎን ለጎን?»

«አጥረዋለሁ።»

አጠረውም። የጉብታውን መሐል ቆፍሮ ችግኙን ተከለና ዙሪያውን በእሾህ ከበበው። ከብቱ ከአጥሩ ውጭ ይቁም እንዳይባል ከአጥሩ ውጭ የቀረ ደረቅ ቦታ የለም፤ ጉብታው በሙሉ አጥር ሆነ።

ሐምሌ ላይ አያ በላቸው በዝናብ ላሞቹን እየነዳ መጣ። ከፊት የምትመራው ዳለቻ የምትባለው ላም ናት፤ ቦታዋን ስለምታውቅ ሰው ሳያዛት ቀጥ ብላ ወደ ጉብታው ሄደች፤ እሾሁ ጋ ስትደርስ ቆመች። በላቸውም ከኋላዋ ቆመ።

«የሱፍ፣ ምን ተክለህ ነው?»

«ፖም።»

«ይበላል?»

«እንዴታ!»

«ማን ሊበላው?»

«ራሂማ።»

በላቸው ዞር ብሎ አየኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። «እኔ አላልኩም፣ አያ በላቸው። ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ አላልኩም።»

«በአላህ መማል አቃተሽና በኔ ሚካኤል ትምያለሽ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ያን ክረምት ላሞቹ ከጉብታው ሥር ጭቃ ውስጥ ቆመው ከረሙ። ሸኮናቸው ቆሰለ፤ አንዷ ጥጃዋን ጣለች። መስከረም ላይ በላቸው እያነከሱ ያሉትን ላሞች ሲነዳ የሱፍ መንገድ ድረስ ሸኘውና ለከርሞ አጥሩን እንደሚያጠብበው ነገረው። በላቸው «ተወው፤ ጉብታህን ለዛፍህ ተውለት። ለከርሞ ዓለም በር ካሉ ዘመዶቼ ጋ እወስዳቸዋለሁ። አልተቀየምኩም» አለ። አልተቀየምኩም ያለው ማንም ሳይጠይቀው ነው። ጥር መጣ፤ ሽምብራው አልመጣም።

«ሄደህ ይቅርታ በለው» አልኩት የሱፍን።

«ፖሙ ሲደርስ የመጀመሪያውን ቅርጫት ይዤለት እሄዳለሁ። ያኔ ሁሉም ይገባዋል።»

ቅርጫት! ዛፉ ገና ከወገቤ አልበለጠም።

አደገ ግን። ያ ነው ጉዱ፣ አደገ። አማረበትም። ዓመት እስከ ዓመት አረንጓዴ ነው። የሱፍ ከሱቅ ሲመለስ ልጆቹን ሳይሆን እሱን ነው የሚያየው። በጋ ላይ አቧራ ሲለብስ ጨርቅ አርሶ ቅጠሉን አንድ በአንድ ይጠርግለታል። የልጆቼ ፊት እንደዚያ ተጠርጎ አያውቅም። ፍየል ቀና ብላ ብታየው ድንጋይ ያነሳል። ሙህዲን በየጠዋቱ በአጥር ላይ አንገቱን ያሰግግና «የሱፍ፣ ጎመንህ እንዴት አደረ?» ይለዋል።

«ሳቅ፣ ሳቅ። የደብረ ታቦሩ በየዓመቱ ቅጠሉን እየጣለ ራቁቱን ይቆማል። የኔ አንዲትም አይጥል። መሬታችን ለም ነው።»

«አበባስ?»

«ዘንድሮ።»

ዘንድሮ አለፈ። ሌላም ዘንድሮ መጥቶ አለፈ። እኔ «ያቺ ሴት ስለ ብርድ አንድ ነገር ብላ ነበር» ስለው፣ «ብርድ ከየት ላምጣልሽ? በሱቅ አይሸጥ» ይለኛል። ወተት ከሰው መለመን ጀመርኩ። ጎረቤቴ ቱርኪያ ወተቱን እየቀዳችልኝ «ፖም አልደረሰም?» ትለኛለች። ደግ ሴት ናት፤ ግን ሳትጠይቅ ቀድታ አታውቅም።

በሃምሳ አንድ የወባው ዓመት መጣ። ያን ዓመት የፎገራን ሰው እንዴት እንዳደረገው ያየ ያውቀዋል፤ ሜዳው ላይ ቀባሪ የጠፋበት ቀን ነበር። የሱፍ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ተኛ። ብርዱ ሲመጣበት ያለኝን ሁሉ አልብሼው ይንቀጠቀጣል፤ ሲለቀው ደግሞ መስኮቱን ክፈቺ ይለኛል። መስኮቱ የሚያሳየው ጉብታውን ነው።

«ውሃ አጠጣሽው?»

«አንተ ጠጣ።»

«ራሂማ፣ ዘንድሮ ያብባል። ታያለሽ።»

«የሱፍ፣ ስለ አላህ ብለህ ዛፉን ተወውና ስለ ራስህ ንገረኝ። የት ጋ ነው የሚያምህ?»

«ሳትበይ አልሞትም አላልኩሽም?» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ። በሱቁ ቃሉን አጥፎ የማያውቅ ሰው ይህን አንዷን አጠፈ። ኅዳር በገባ በሳምንቱ ሞተ። አላህ ይርሐመው።

አያ በላቸው ለለቅሶ በእግሩ መጣ። እሱም ቤት ሰው ሞቶበት ነበር፤ የመጨረሻ ልጁ። ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ዋለና ሊሄድ ሲነሳ በራፌ ላይ ቆመ። ስለ ላም አላነሳም፤ እኔም ስለ ጉብታ አላነሳሁም። «ደህና ሰው ነበር» ብሎኝ ብቻ ሄደ።

ሐዘኔን ቤት ተቀምጬ ጨረስኩ። ሙህዲን ሱቁን ያዘልኝ። ዛፉን የሚጠርግ አልነበረም፤ እኔ ደግሞ እልክ ገብቶኝ አልነካሁትም። ሳይጠረግም አረንጓዴ ነበር።

በቀጣዩ ክረምት ውሃው ቀድሞ መጣ፤ በሰኔ ማለቂያ ሜዳው ሐይቅ መስሎ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ደጃፌ ቆሜ አየሁት። በላቸው ላሞቹን እየነዳ በመንገዱ ያልፋል፤ ወደ ዓለም በር። ዳለቻ ከኋላ ቀርታ ነበር፤ ሆዷ ከብዶ፣ ልትወልድ ደርሳ፣ አንድ እግሯን ካነሳች መልሳ ለማስቀመጥ ታስብበታለች። የኔ በር ጋ ስትደርስ ቆመች። በላቸው ጅራቷን ጠምዝዞ ሊያስኬዳት ይሞክራል፤ እሷ ወደ ውስጥ ታያለች።

«አያ በላቸው!» አልኩ። «የት ነው የምትወስዳት?»

«ዓለም በር ነዋ።»

«በዚህ ሆዷ? ዳገቱን?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

ወደ ጓሮ ገባሁና እሾሁን በእጄ መንቀል ጀመርኩ። እጄ ደማ። በላቸው ተከትሎኝ ገባ።

«ራሂማ፣ ዛፉስ? የሱፍ እኮ…»

«ዛፉ ይጣበብ! እኛ ስንጣበብ አልከረምንም? አስገባቸው!»

አስገባቸው። ዳለቻ ጉብታው ላይ ወጥታ ከዛፉ ሥር፣ የዱሮ ቦታዋ ላይ ተኛች። በማግስቱ ማለዳ ወለደች። ልጆቼ ከስንት ዓመት በኋላ እንገር በሉ።

ግን ላም ላም ናት። ዝናቡ ሳር ፍለጋ አላስወጣ ሲላቸው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። መጀመሪያ የታችኛውን ቅጠል፣ ቀጥሎ የመሐሉን፣ በመጨረሻ ዳለቻ ቅርንጫፉን በምላሷ እየሳበች ጫፉን ሁሉ። እኔ በየቀኑ አያለሁ፤ አላባረርኳትም። ሐምሌ ሳያልቅ የሱፍ በጨርቅ ሲጠርገው ከኖረው ቅጠል አንድ አልቀረም። እንጨት ብቻ ቆመ።

በላቸው ላሞቹን ሊያይ ሲመጣ ደነገጠ። በትሩን አንስቶ ወደ ዳለቻ ሲሄድ ያዝኩት። «ተዋት። እያየሁ ነው የበላችው።» ሙህዲንም በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ጎመን የሚለው ቀልድ አልወጣውም። «እንግዲህ ለማገዶ ይሁን» አለ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ጉብታዬ ተመልሶልኛል፤ ወተቱ ተመልሷል፤ በላቸውም ተመልሷል። ግን ባዶውን እንጨት ሳየው፣ ያን ሁሉ ለቅሶ ተቀምጬ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ከዚያም ተናደድኩ። ለሱ ብዬ ማልቀሴ አናደደኝ። «መሬቱ ይድረቅና ይቆረጣል» አልኩ ለሙህዲን።

መሬቱ ሳይደርቅ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ጥጃውን ልፈታ ስወጣ እንጨቱ ላይ ጉጥ ጉጥ ያለ ነገር አየሁ። አዲስ ቅጠል ነው ብዬ ተውኩት። መስከረም ሲጠባ አበበ። ዛፉ በሞላ፣ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ሮዝ፤ አደይ አበባ ሊለቅሙ የወጡ የሰፈር ሴቶች አደዩን ትተው ወደኔ ጓሮ ገቡ። በላቸው ላሞቹን ሊወስድ መጥቶ ነበር፤ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ምን አደረግሽው?»

«ምንም። ላምህ ናት።»

እንዲህ ስለው ነው የእማዋይሽ ቃል የመጣልኝ። ቅጠሉን ሁሉ ጥሎ ራቁቱን ይቆምና ከዚያ ያብባል። እና የኔ ሰው! ቅጠል እንዳይረግፍበት ፍየል ሲያባርር፣ በጨርቅ ሲጠርግ፣ አንዲት አይጥልም እያለ ሲኮራ! ላሞቹን ከጉብታው ባያባርራቸው ኖሮ በቁሙ ያየው ነበር። ሮጬ ልነግረው ፈለግኩ። እግሬ እንዲያውም ወደ መኝታ ቤቱ ዞሯል፤ በሩ ላይ ስደርስ ነው ያስታወስኩት። በማን ልናደድ? የሚናደዱበት ሰው ሲሞት ንዴቱ አብሮ አይቀበርም፤ ቤት ውስጥ ይቀራል።

አበባው ሳምንት አልቆየም። ረገፈ። ፍሬ የሚባል አንድ የለም። ያን ጊዜማ ለብቻዬ፣ ጮክ ብዬ፣ «ሁለት ውሰድ ብለውህ ነበር!» አልኩ። ቱርኪያ ሰምታኝ በአጥር ላይ «ማንን ነው?» አለችኝ።

ጥቅምት ላይ ደብረ ታቦር ወጣሁ። እማዋይሽ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ወዲያው ግን አወቀችኝ። «ቀለሙ ይለቃል ወይ ያለው ሰውዬ ሚስት!» አለች። ከዚያ ጥቁር ልብሴን አየችና «ነፍስ ይማር» አለች። ችግኞቹ ጋ ወሰደችኝ።

«አረንጓዴውን ነው የምፈልገው» አልኩ። «የሚኮመጥጠውን።»

«አንድ?»

«ስንት ልውሰድ ይሉኛል?»

አየችኝና ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። «አንድ ይበቃሻል» አለች። «ቀዩን ተክሎልሻል እኮ።»

አዲሱን ከቀዩ ጋር ለማቆም ጉብታው አይበቃም ነበር። በላቸው በጋውን ሙሉ በአህያ ድንጋይ እያመላለሰ አሰፋልኝ። «ለዛፍሽ እንዳይመስልሽ፤ ለዳለቻ ነው» እያለ። ከዚያ ወዲህ በየሐምሌው ላሞቹ ይመጣሉ። ጫፉን እንዳይሰብሩ እኔና በላቸው ቅጠሉን በእጃችን ሸምጥጠን እናበላቸዋለን። የሱፍ ቢያየን ኖሮ ሁለታችንንም በድንጋይ ያባርረን ነበር።

አረንጓዴው ያበበው በሃምሳ አምስት መስከረም ነው፤ ከቀዩ እኩል። ጥር ላይ ቀዩ ዛፍ ላይ ፍሬ ደረሰ፤ ብዙ አይደለም፣ ወፍም ቀምሶልኛል። በላቸው ሽምብራውን አራግፎ፣ ያን ቀን አስከትሏት የመጣትን ዳለቻን አጠገቡ አቁሞ ጉብታው ሥር ተቀምጦ ነበር። ንጹሑን መርጬ ቀጠፍኩት። ቆዳውን በነጠላዬ ጠረግኩ፤ ቀለሙ አልለቀቀም። በልቤ ይኮመጥጥ እያልኩ ነበር። ቢኮመጥጥ፣ ይኸው ለዚህ ነው ያን ሁሉ ያደረግከው ብዬ እገላገል ነበር።

ነከስኩት።

«እ?» አለ በላቸው። «እንዴት ነው?»

ይጣፍጣል። ከበላሁት ሁሉ ይጣፍጣል፤ የሱፍ ከአስመራ የመጣ ቀን ቃል ያጣለት እውነቱን ነው። ይህን ነው ይቅር ልለው ያልቻልኩት። ግማሹን ቆርሼ ለበላቸው ሰጠሁት። የኔን እስከ ዘሩ በላሁ፤ የተረፈውን ዳለቻን አጎረስኳት። እሷም በአንድ ጊዜ ውጣው፣ ምንም እንዳልቀመሰች የጓሮውን አጥር ታይ ጀመር።